በግራ የጮኸችው ግንደ ቆርቁር

ዛሬ ጧት ግንደ ቆርቁር ደጃፋችን ያለውን የመብራት ምሰሶ እየቀጠቀጠች ቀሰቀሰችኝ። የልጅ ልጄ «እንዴት ታምራለች!» ብላ ተደነቀች። እኔ ግን ወፊቱ ላይ ጫማዬን ወረወርኩ። ይህች ወፍ እንዴት እንዳንገበገበችኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የምንኖረው ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ነው። ከጫካው ማዶ ያለ ደሴ የሚባል ጎረምሳ ሽማግሌ ሊልክብኝ አስቧል፤ እኔም ከሱ ሌላ አላማረኝም። ችግሩ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለ ወፍጮም ጠይቆኝ አባቴ ለእሑድ ቀጥሮታል።

የደሴ ሽማግሌዎች ሰኞ ይመጣሉ ተባለ። እናቴ ጠላ ጠመቀች፣ ድፎ ደፋች፤ አልመጡም። ጫካው ውስጥ ግንደ ቆርቁር በግራቸው ጮኸችባቸው አሉ። ያኔ ወፍ በግራ ከጮኸ ገድ የለውም ተብሎ ከመንገድ ይመለሱ ነበር። ረቡዕም ወጡ፤ በግራ ጮኸች፤ ተመለሱ። ዓርብም እንደዚያው! የታኅሣሥ ገብስ አውድማ ላይ ተከምሮ አገሩ በሥራ ተወጥሯል፤ እነሱ ከወፍ ጋር ይመላለሳሉ። ድፎው ሻገተ። ዛፏን እንጨት ለቀማ ስሄድ አውቃታለሁ፤ ጎጆዋ እዚያው ነው። ትሏን ትለቅማለች እንጂ የእኔ ነገር ምን ጨነቃት?

ዓርብ ከሰዓት አባቴ ወዳለበት አውድማ ሄጄ ፈነዳሁ።

«አባ፣ ዛፏ እኮ ከዚያ ለሚመጣ በግራ ናት። መቶ ጊዜ ቢመጡ በግራ ነው የምትጮኸው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዛፉን ልንቀለው?»

«ከእኛ ለሚሄድ በቀኝ ናት።»

መንሹን ተደግፎ ቆመ። «ምነው ልጄ፣ የሴት አባት ሽማግሌ ፍለጋ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አለቀስኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ኩታውን አጣፍቶ ብቻውን ወጣ። ወፊቱም በቀኙ ጮኸች። ማዶ ደርሶ ከሽማግሌዎቹ አለቃ ከአያ ፈንቴ ደጅ ተቀመጠና «በሉ እዚሁ ጠይቁኝ» አላቸው። ጠየቁት፤ ሰጠ። «ሸጋ ገድ ነው!» ብለው እነሱ የዘየዱት ይመስል ተደሰቱ። በጥር ተዳርኩ።

ደሴ ጥሩ ባል ሆነኝ። ታሪኩንም ሽማግሌዎቹን እያማሁ ለሰው ሁሉ አወራው ነበር። አባቴ ሲሞት ግን ለቅሶው ላይ አንዲት የአገራችን ሴት፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በገበያውም በማኅበሩም «ልጁን እንደ ሸቀጥ ይዞ የዞረው» እየተባለ ሲቀለድበት እንደኖረ ነገረችኝ። እኛ ቤት እየመጣ ሲበላ ሲጠጣ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።

ይኸን ሁሉ ዓመት በአንዲት ወፍ ስናደድ ኖሬ፣ አባቴን አንዴ እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» አላልኩትም።