የአስር አለቃው ውሻና የመሪጌታው ጥምጥም

ወታደሮች ከሞጣ የወሰዱኝ አንዲት ላም ሳክም ነው። እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም። ፒክአፕ ላይ ሲጭኑኝ ቦርሳዬንም አብረው ጫኑት፤ ውስጡ ፋሻ፣ አዮዲን፣ የስፌት ክርና መቀስ ነበር። የከብት ሐኪም ቦርሳ ሌላ ምን ይኖረዋል? ቢቸና እስክንደርስ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር በጥንቃቄ የተያዘው።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን ጠብ ጠብ ይላል፣ የጤፍ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ቀበቶዬንና የጫማ ክሬን በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ጫማዬን እየጎተትኩ ገባሁና ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

መርማሪው ቦርሳዬን ፊቱ አስቀምጦ በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

"በዚህ ፋሻ የማንን ቁስል አሰርክበት?"

"እኔ ከብት ነው የምከትበው። ቁስል ማሰር አልችልም።"

ውሸቴን ነው። ከመታሰሬ ጥቂት ሳምንታት በፊት ጭኑ የሚደማ ወጣት ደጄ ላይ ወድቆ አግኝቼ አስሬለት ነበር። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ይህን ካመንኩ ከዚያ ግቢ በእግሬ እንደማልወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ እጄን መደበቅ ጀመርኩ። አንድ እስረኛ በቆርቆሮ ጣቱን ሲቆረጥ ያላየሁ መስዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አጠገቤ የሚተኙት ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የመጡ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ "እነሱ ሲያውቁት ይነግሩኛል" ይላሉ። ነጭ ጥምጥማቸውን በየማለዳው ፈተው፣ አራግፈው፣ እንደገና ይጠመጥሙታል። ከውሻ ጋር ግን አይስማሙም። ቁልፍ ያዡ አስር አለቃ ከቡችላነቱ ያሳደገው ቀይ ውሻ ነበረው። በሩ ሲከፈት አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ መሪጌታ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ።

"ከነካኝ በምን ውሃ ላጥበው ነው?" ይሉኛል። የሚደርሰን ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኩባያ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ እንድንሞቅ አወጡን። የውሃ ቦቴው በርሜሎቹን ሞልቶ ሊወጣ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ውሻው ከኋላ ጎማው ሥር ጥላ ይዞ ተኝቶ ነበር። የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አስር አለቃው ሮጦ ሊያነሣው ሲል ክንዱን ነከሰው። አንድ እግሩ ተጨፍልቋል፤ ከጭኑ ደም እየተገፋ ይወጣል።

"የከብት ሐኪሙ የታለ?"

አልተነሣሁም። መርማሪው የሻይ ብርጭቆ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ የሚያየው ውሻውን ሳይሆን እኔን ነበር። ባስረው እጄ ይመሰክርብኛል። ዝም ብዬው ቢሞት ደግሞ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አስር አለቃው ኪስ ውስጥ ነው። 

"ታውቅበታለህ?" አሉኝ መሪጌታ በቀስታ።

"አውቅበታለሁ፣ የኔታ። ግን ማወቄን ካዩ..."

"ገባኝ።"

 ከዚያ ጥምጥማቸውን ይፈቱ ጀመር። እኩሌታውን በጥርሳቸው ይዘው ቀደዱና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። በራ ራሳቸው በሁሉም ፊት ተገለጠ።

"እኔ ከዚህ በላይ አላውቅበትም" አሉ።

ተነሣሁ።

"የጫማ ክር ስጡኝ" አልኩ። የእኛን ወስደውታልና አስር አለቃው የራሱን መዘዘ። ሕመም ላይ ያለ ውሻ ጌታውን አይለይም። ክሩን አፉ ላይ አዙሬ፣ ከአገጩ ሥር አሳልፌ፣ ከጆሮዎቹ ኋላ አሰርኩት። ጨርቁን አጣጥፌ ቁስሉ ላይ ተጫንኩ። ደም ሲያርሰው አላነሣሁትም፤ የረጋው እንዳይላቀቅ በላዩ ደረብኩበትና ጠበቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ሳንቃ አስመጥቼ ወገቡ ሳይታጠፍ በላዩ አንሸራተን ከቦቴው ሥር አወጣነው። እጄ ሥራውን ይሠራል፤ እኔ እጄን እፈራለሁ።

ደሙ ቆመ። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ሳይ ግን ነጭ ነበር። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት፤ ቀለሙ አልተመለሰም። ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው። ትንፋሹ ሲያጥር አፉን ፈታሁለት።

"አሁን አይነክስም። ራሱን ያዝለት" አልኩት አስር አለቃውን።

"ይተርፋል?"

"አይተርፍም።"

በጌታው ጭን ላይ ሞተ። አስር አለቃው ፊቱን ወደ ቦቴው አዙሮ ብዙ ቆየ።

መርማሪው ከበረንዳው ወረደና ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየ።

"ማሰር አልችልም ብለኸኝ ነበር።"

ሌላ ውሸት እየፈለግሁ ነበር። ዓይኔ መሪጌታ ላይ አረፈ፤ የተረፈችውን ጥምጥም ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ፀሐይ እየመታው ተቀምጠዋል።

"ዋሽቼ ነው" አልኩ። "እችላለሁ። ሲደማ ያየሁትን አስራለሁ።"

"ማንነቱን ሳትጠይቅ?"

"ሳልጠይቅ።"

የብርጭቆውን አተላ መሬት ላይ ደፍቶ ገባ።

ምሳ መጣ። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነበር። "ውሻ ነክቷል እኮ" አለ አንዱና ሁለት ሦስት ሰዎች ፈቀቅ አሉ። መሪጌታ የቀን ውሃቸውን ሙሉውን እጄ ላይ አፈሰሱት። ታጥቤም ቢሆን እጄን ወደ ትሪው አልዘረጋሁም። መሪጌታ ጠቅልለው አጎረሱኝ። የሸሹትም አንድ በአንድ ተመለሱ።

በዚያ ቃሌ አራት ወር ተጨመረብኝ።  አስር አለቃው ውሻውን ከነጨርቁ ከአጥሩ ጀርባ ቀበረው፤ ስለ እሱም ዳግመኛ አላነሣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለመሪጌታ ሁለት ኩባያ ውሃ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ለምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ።

አምና አዲስ ጥምጥም ገዝቼ፣ ተፈትተው አገራቸው የገቡትን መሪጌታን ልጠይቅ ሄድኩ። ራሳቸው ላይ ያቺው ግማሿ ነበረች። አዲሱን ዘርግተው አዩና መርቀው መልሰው አጠፉት።

"የእኔ ራስ ትንሽ ነው፣ ይቺው ትበቃኛለች" አሉ። "ይሄን ቦርሳህ ውስጥ አድርገው። የሚደማ አይጠፋም።"

አሁንም ከሞጣ ስወጣ ኬላ ላይ "ቦርሳህን ክፈት" ይሉኛል። እከፍታለሁ። ከላይ የተቀመጠው ጥምጥሙ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላሉ።

"የቁስል ማሰሪያ" እላለሁ።