ሃዊዝ ዘር ስትቆጥር

ሃዊዝ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን ብርድ የጨረሰው ሴት ናት። ደ ቫልኮር በሚባሉ ጌቶች ቤት ሦስት ሕፃናት አጥብታ አሳድጋለች፤ ከሦስቱ በሕይወት የቀረው አሁን ያለው ጌታ ሃሞ ብቻ ነው። በእርጅናዋ የተረፋት ሥራ የጌቶቿን ዘር መቁጠር ሆነ። እነሱ ከአያታቸው ወዲያ አያውቁም። ባሕር ተሻግሮ ከመጣው ከአንካሳው ጊልበርት ጀምሮ ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን በወሊድ እንደሞተ በቃሏ የያዘችው እሷ፣ የገባር ልጅ ናት። የራሷን ዘር የጠየቃት ሰው ግን የለም።

ንጉሡ ለመስቀል ጦርነት ባሕር ማዶ በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ በመኸር፣ ሃሞ ጠላ መጥመቂያው ቤት ድረስ መጣባት። ሃዊዝ ምድጃው ጥግ ተቀምጣ እግሯን ታሞቅ ነበር።

"ሞግዚቴ፣ ሐሙስ የጋብቻ ነገር የሚዳኙት ሊቀ ዲያቆን ይመጣሉ። ዘር ትቆጥሪያለሽ።"

"ስንቴ ልቁጠር? በሠርግህ ቀን ቆጠርኩ አይደል እንዴ?"

"ያኔ ኤማን ዘለልሻት።"

"ዘለልኳት! አባትህ ዝለያት ስላሉኝ ነዋ! አንተስ አጠገባቸው ቆመህ ጥፍርህን ትበላ አልነበር?"

ሃሞ መሬት መሬቱን አየ። "በቃ፣ አሁን አትዝለያት" አለና ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃሞ ቅድመ አያት ሮበርትና የሚስቱ የሲቢል ቅድመ አያት ኤማ ወንድምና እህት፣ ሁለቱም የጊልበርት ልጆች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ጋብቻ ትከለክላለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሃሞ አባት የሲቢልን ወፍጮና ሦስት መንደሮች ፈልገው ነበርና ኤማ ከዘር ቆጠራው እንድትወጣ አዘዙ። ሃዊዝም ወንጌል ይዛ ማለች። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ እህል አልቀመሰችም፤ ማንም ግን ለምን ብሎ አልጠየቃትም። አሁን ሲቢል የወለደቻቸው ሦስት ሕፃናት አፈር ገብተዋል፤ ሃሞም ከወንዝ ማዶ አቪስ የምትባል ባለ ርስት ልጃገረድ አይቷል። ስለዚህ ጋብቻው እንዲፈርስ ኤማ መመለስ አለባት።

ሃዊዝ ቁርጥ ሐሳቧን አደረገች። ኤማን እንደገና ልትዘልላት ነው። ከቤት ብትባረር ትባረር፣ በነፍሷ ብትጠየቅ ትጠየቅ። ጥርሷ ካለቀ ጀምሮ ዳቦዋን ጠላ ውስጥ ነክራ የምታበላት ሲቢል ናት፤ በአርባ ዓመቷ እንደ አሮጌ ቁና ተጥላ ማየት አልፈለገችም።

ረቡዕ ሲቢል የተነከረውን ዳቦ ይዛላት ስትመጣ ሃዊዝ እጇን ያዝ አደረገችና "አይዞዎት እመቤቴ፤ ነገ እዘልላታለሁ" አለቻት።

"አትዝለያት።"

"ምን አሉኝ?"

"ደከመኝ፣ ሃዊዝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉ ሆዴን እንጂ ፊቴን አይቶ አያውቅም። ሦስቱን የቀበርኩት እኔ፣ የሚታዘንለት እሱ። ቁጠሪያትና ልሂድ። ጋብቻው ከፈረሰ ወፍጮዬንም መንደሮቼንም መመለስ ግዳቸው ነው።"

ለመዋሸት ስትዘጋጅ የሰነበተችው ሃዊዝ እውነቱን መናገር ከበዳት። አለቀሰች። ሲቢል ግን አላለቀሰችም።

ሐሙስ ጸሎት ቤቱ ሞላ። ሃዊዝ ግራ እጇን ወንጌሉ ላይ አድርጋ ቀኝ ክንዷን ዘረጋች፤ የዘር ቆጠራ ወጉ እንዲህ ነው። ጊልበርት ራስ ነው። ሮበርትና ኤማ ትከሻ፤ ልጆቻቸው ክርን፤ የልጅ ልጆቻቸው አንጓ። ጣቶቿ ጋ ስትደርስ ሃሞንና ሲቢልን ጠራች።

"አራተኛ ቤት" አሉ ሊቀ ዲያቆኑ። ሁለተኛው ምስክር የሆነው ሽማግሌ የደን ጠባቂም እንደዚያው ማለ። ጋብቻው ፈረሰ። ሲቢል ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

"በይ እጅሽን አውርጂ፣ እናቴ" አሉ ሊቀ ዲያቆኑ።

"ገና ነኝ፣ አባቴ። ጌታዬ ሊያገቧት ያሰቧትንም ልቁጠርልዎት። አሁን ካልቆጠርኩ የዛሬ ሃያ ዓመት ትፈለጊያለሽ መባሌ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ የለሁም።"

አንዳንዱ ሳቀ። ሃሞ አልሳቀም።

"ሮበርት ዎልተርንና ጉኖራን ወለደ።"

"ጉኖራ የምትባል የለችም!" አለ ሃሞ።

"አያትዎ ስሟ እንዳይጠራ አዘው ነው እንጂ አለች። ከወንዝ ማዶ ሰው ጋር ኮብልላ በወሊድ ሞተች። ልጇ ጆርዳን አደገ፣ አቪስን ወለደ። ዎልተር አባትዎን፣ አባትዎ እርስዎን።" ክንዷን ከትከሻ እስከ አንጓ ዳሰሰችው። "ሦስተኛ ቤት፤ ከእመቤቴም ትቀርብዎታለች።"

ሊቀ ዲያቆኑ ወንጌሉን ዘጉ፤ አቪስን ማግባት እርም ነው ብለው ጸሐፊያቸውን አስጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ሲቢል በጋሪ ስትወጣ ሃዊዝም ከጎኗ ነበረች። ሃሞ በሩ ላይ ደረሰባቸው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ያጠባችው ልጅ ነውና አንጀቷን በላት።

"ሞግዚቴ" አለ፣ "ዘመዴ ያልሆነች አንዲት ሴት እንኳ የለችም?"

"እናንተ ርስት እንዳይወጣ እርስ በርስ ስትጋቡ ኖራችሁ፣ ልጄ። በዚህ አገር ባለ ርስት ሁሉ ዘመድህ ነው። ከገባር ቤት ፈልግ።"

"ከገባር?"

"አዎ። ስታገኝ ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ላክ። አባትህ በየጎጆው ሲገቡና ሲወጡ አይቻለሁ፤ የእነዚያንም ልጆች ስም አውቃለሁ።"

ሲቢል ጋሪ ነጂውን "ንዳው" አለችው።