ከመርከብ የወረደው የገለባ ጉንጉን

ቲርዛ ኢምፔ መልስ ያጣችለት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ከቻይና ባሕር አቋርጦ የሚመጣ የገለባ ጉንጉን፣ ከጓሮዋ ማዶ በታጨደ ስንዴ ከሚሠራው ከእሷ ጉንጉን እንዴት ይረክሳል?

ድሮ፣ በእንግሊዝ አገር የሉተን ከተማ ባርኔጣ ሠሪዎች ለባርኔጣ የሚሰፉትን ጉንጉን ሁሉ ከአካባቢው መንደሮች በሚገዙበት ዘመን፣ የቲርዛ መንደር ሴቶች እጅ አያርፍም ነበር። ውኃ ሊቀዱ ሲሄዱ ይጎነጉናሉ፤ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያወጉ ይጎነጉናሉ። የተሰነጠቀው ገለባ እንዲለሰልስ በአንድ ጉንጫቸው ይይዙታል፤ ሐሜቱ በሌላው በኩል ይወጣል። እጀ ቀልጣፋዋ ባሏን ራሷ ትመርጥ ነበር፤ ገቢዋ የአራሹን ያስከነዳ ነበራ። አሁን በየደጃፉ ጸጥታ ነው። የቲርዛ ልጅ ሎይስ እንኳ ሉተን ገብታ፣ ያንኑ የባሕር ማዶ ጉንጉን በስፌት መኪና እየገጠመች ባርኔጣ ትሠራለች።

አንድ ሰኞ፣ ጉንጉን የሚገዛት ነጋዴ ጎድፍሬ የቲርዛን ጥቅል አገላብጦ መለሰላት።

«ወይዘሮ ቲርዛ፣ እጅዎ ወርቅ ነው» አላት። «ደንበኞቼ ግን ወርቅ አልጠየቁኝም።»

ከመርከብ የማይወርድ ዓይነት ካመጣች እስከ መኸር መጨረሻ እንደሚጠብቃት ነገራት። ያ ካልሆነ፣ የቀራት የሰው ልብስ ማጠብ ነው።

መንደርተኛው የቻይናውን የሚሠራው መኪና ነው ይል ነበር። ቲርዛ ወሬ አይበቃትም፤ እሑድ ሎይስን የዚያን ጉንጉን ቁራጭ አስመጣቻት። ለብ ባለ ውኃ ነክራ፣ ገለባውን አንድ በአንድ እየፈታች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደረችው። ሎይስ «ጠላትሽን ገላውን ልታጥቢው ነው ወይ?» እያለች ቀለደችባት።

ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ገለባ አልቆ ሌላው የሚቀጠልበት ርቀት እኩል አልነበረም፤ አንዱ ስንዝር፣ ሌላው ሦስት ጣት። መኪና እንዲህ አይዛነፍም። መሃል ላይ ደግሞ ከሥር ማለፍ የነበረበት ገለባ ከላይ አልፏል፤ ሠሪው አፍርሶ ከመመለስ ይልቅ በቀጣዩ ዙር አቃንቶታል። ቲርዛም ሎይስ በሕፃንነቷ ስታለቅስባት የምታደርገው ይህንኑ ነበር።

«የሰው እጅ ነው» አለች። «ሴት ሳትሆን አትቀርም።»

«ታዲያ ለምን ረከሰ፣ እማ?»

«ከእኔ ያነሰ ይከፍሏታላ። እሷም እንደኔ ጣቷ እየተላጠ ነው፤ ምን ብዬ ልርገማት?»

በዋጋ እንደማትረታት ያን ቀን ገባት። ስለዚህ አሁን የሟች እናቷን የበዓል ባርኔጣ ከሣጥን አውጥታ ትፈታለች። ጉንጉኑ ባለ አሥራ አንድ ገለባ ነው፤ ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሌላ መልክ አለው። እንዲህ ያለው ከመርከብ አይወርድም፤ እናቷ ግን አሠራሩን ሳታስተምራት ነው የሞተችው። ከጠርዙ ስንዝር ያህል ፈትታ፣ የእያንዳንዱን ገለባ መንገድ በከሰል ነድፋለች። መኸሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ስምንቱ መንገዳቸውን ይዘዋል፤ ዘጠነኛው በየት በኩል እንደሚዞር ገና አልተገለጠላትም። ትናንት ሁለት ጊዜ አፍርሳዋለች፤ ከላይ ያሳለፈችውን ዛሬ ከሥር እያሳለፈች እየሞከረች ነው።