የሙሽራዋ ቁም ሳጥን

ትናንት ጨለለቂ ወዳለው ቤታችን ወጣት አናጢ መጥቶ የቁም ሳጥናችንን ማጠፊያ ሲቀይር፣ የተሰረሰረ ዋንዛ ሽታ ቤቱን ሞላው። የያዘው የመሰርሰሪያ ፑንታ ጫፉ ላይ ሾጣጣ ሽፋን አለው። ሽፋኑ የማጠፊያው ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ፑንታው ራሱ መሃሉን ይዞ ይበሳል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የሚበሳው በዓይኑ ገምቶ ነበር። አንድ ቀን ለጎረቤታችን ሙሽራ የሠራውን ቁም ሳጥን ሲያስረክብ አብሬው ሄድኩ። የሠርጉ እንግዳ ሁሉ እያየ በሩን ዘጋው፤ በሩ ተመልሶ ተከፈተ። ደግሞ ዘጋው፤ ደግሞ ተከፈተ። ብሎኖቹ ከመሃል ሸሽተው ማጠፊያው ተንጋዶ ኖሯል። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። የሙሽራዋ እናት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይቅር፣ ሌላ እንገዛለን" አሉት።

ቁም ሳጥኑን በጋሪ ጭነን በገበያው መሃል ተመለስን። አባቴ በሩ እንዳይከፈት በእጁ ደግፎ ከጋሪው ጎን ይራመዳል። ሰው ቆሞ ያየናል። እኔ ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ።

"ኢንተለ ኮ" አለኝ አባቴ በኦሮምኛ፣ "ልጄ፣ ዓይኔ ሳላስበው መሸበት።"

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስለነበረች ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

አሁን አባቴ ጨርሶ አያይም። ትናንት አናጢው ሲሄድ ተነስቶ የብሎኖቹን ራስ በጣቱ ዳሰሰ።

"ሁሉም መሃል ላይ ነው" አለ። "ይሄ ልጅ ዓይን አለው።"

ፑንታው ነው ብዬ ልነግረው አፈርኩ።