ትርሲት ማይክሮን እንዴት አለፈች

ትርሲት ሞጣ ተወልዳ ያደገች፣ ትዳር ይዛ ቢቸና የገባች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ ሴት ናት። ኢኮኖሚክስ በርቀት ልማር ስትል ባሏ የኔሰው፣ «ልጅ ይዘሽ እንዴት ይሆንልሻል?» ብሎ ተከራክሯት ነበር። ኋላ ግን እሷ ስታነብ ልጃቸውን አዝሎ ግቢውን የሚዞረው እሱ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መግቢያ ሞጁል ከኮሌጁ ሳይደርስ ፈተናው ደረሰ። ከሰው የተዋሰችው ፎቶ ኮፒ ደግሞ ጠቋቁሮ፣ ግራፉ ላይ አንዱ መስመር ከሌላው አይለይም። ወደቀች። የኮሌጁ አስተባባሪ ጋሽ ያለው አዝነው፣ «ልጄ፣ አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀረሽ። ከዚያ ወዲያ ስምሽ ከመዝገብ ይወጣል፤ ላግዝሽ ብልም አልችል» አሏት።

ሁዳዴ እንደገባ እናቷን ልትጠይቅ ሞጣ ሄደች። በመንገዷም ሙኒያ ዘንድ ጎራ አለች። ሙኒያ የልጅነት የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ከፍታለች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለቻት ሙኒያ።

ትርሲት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ሙኒያ ኮምፒውተሩ ላይ መጽሐፍ ትፈልግ ጀመር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ብዙ አስጠበቃቸው፤ በመጨረሻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ወረደ።

«ይኸው፣ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ከነግራፉ። በነጻ ነው።»

«በነጻ? ሙኒያ፣ የሰው ልፋት ሰርቀን እንዳይሆን!»

ሙኒያ የፈቃዱን ገጽ ፈልጋ አነበበችላት። ጸሐፊዎቹ ማንም ሰው መጽሐፉን እንዲያነበው፣ እንዲያባዛው፣ ወደ ቋንቋው እንዲመልሰውም ፈቅደዋል፤ የሚጠይቁት ስማቸው እንዲጠቀስ ብቻ ነው። ትርሲትም መጽሐፉን በፍላሽ አስገልብጣ ወሰደች።

ቢቸና ተመልሳ በምሳ ሰዓት ቢሮ እየቀረች ታነበው ጀመር። እንግሊዝኛው ቀላል፣ ግራፉ በቀለም የተለየ ነው። ደስ እያላት ሄዳ ሄዳ፣ ያኔ በፈተናው የጣላት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። እልህ ይዟት ለሙኒያ ደወለች።

«መጽሐፉ ዋጋ ሲወርድ ሰው ብዙ ይገዛል ይላል። ይኸው ሁዳዴ ነው፤ ቅቤ ረክሶ ማን ዞር ብሎ አየው?»

ሙኒያ ሳቀች። «እኛ አየነዋ! እናቴ ለዓመት የሚሆን ቅቤ የምትገዛው እኮ እናንተ ስትጾሙ ነው።»

ትርሲት ስልኩን እንደያዘች ግራፉን ዳግም አየችው። ጾመኛው ቅቤውን የተወው በዋጋው አይደለም፤ ጾም ስለገባ ነው። ስለዚህ የጾመኛው የፍላጎት መስመር ራሱ ቦታውን ለቅቆ ወደ ግራ ሄዷል፤ በየትኛውም ዋጋ የሚገዛው አንሷል ማለት ነው፤ ዋጋውንም ያወረደው ይኸው ነው። የሙኒያ እናት መስመር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ቅቤው ሲረክስላቸው እዚያው መስመር ላይ ወረድ ብለው ብዙ ገዙ፤ በቃ። ያ ሁሉ ጊዜ የመስመሩን መነቃነቅና መስመሩ ላይ መውረድን አንድ እያደረገች ነበር የተሳሳተችው።

«ትርሲት? ጠፋሽ እንዴ?»

«አለሁ! አለሁ እንጂ!»

ከፋሲካ በኋላ ተፈተነች። ውጤቱ እስኪመጣ ጭንቀቱ እንዳይገድላት፣ ከባዶቹን ምዕራፎች ወደ አማርኛ እየመለሰች አብረዋት ለወደቁት ሰጠች፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ከላይ ጻፈችበት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ያለው ደወሉ። «ልጄ፣ አልፈሻል። ያውም በጥሩ ውጤት!»

«እርስዎ ራስዎ አይተውታል?»

«በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርሽ።»

ወጥታ ቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። የኔሰው ልጁን ይዞ ሊያያት ሲመጣ እንባዋን አይቶ ክው አለ።

«ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«አለፍኩ» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

«እንዴት ነው ያስደነገጥሽኝ!» አለና እሱም አጠገቧ ዘፍ አለ። ልጁ ከጭኑ ወርዶ ደረጃውን በእጁ እየጠበጠበ ሲጫወት፣ ሁለቱም ለመነሳት አልቸኮሉም።