ጎፈሬው ሲሳሳ

ደንበኞቹ ጎፈሬ ይሉታል። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ በዚያ መንገድ ላይ የለም፤ እሱም በስሙ ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለዋል። የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ራስ ሲከረክም የራሱን ከፍ አድርጎ፣ አበጥሮ፣ ቅባት አጠጥቶ አሳደገ። ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ አልሰቀለም። ምን ያደርግለታል? ማስታወቂያውን አናቱ ላይ ተሸክሞት ይዞራል።

አንድ ግትር ጠባይ አለው፤ ራሱን ለሌላ ባለሙያ አያስነካም። "የሰዎቹን እጅ አውቀዋለሁ" ይላል፣ ሙያው ከእሱ ጋር የተወለደ ይመስል። ከግድግዳው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ ይከረክማል፣ ራሱ ያበጥራል። ያቺን ባለ እጀታ መስታወት ከደንበኛ ማጅራት ኋላ ይዞ "እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?" ያለበትን ጊዜ ቤቱ ይቁጠረው። ለእሱ ግን ከኋላው መስታወት የያዘለት ሰው ኖሮ አያውቅም።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተስተካክሎ ሲነሣ መስታወቷን ከእጁ ነጠቀው። "ዛሬ ተራው የኔ ነው። ቁጭ በል እስቲ!" አለው። ጎፈሬ እየሳቀ ተቀመጠ፤ ሾፌሩ ከኋላው ያዘለት።

በሁለቱ መስታወቶች መሐል አንድ ራስ ታየ። አናቱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ገላጣ አለው፤ አምፖሉ ያበራበታል። ለጎፈሬ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ "ይሄ ሰውዬ መቼ ገባ?" የሚል ነበር። ዞሮ በሩን አየ። ማንም የለም።

"እኛማ ካወቅን ቆየን፤ ባለቤቱ እስኪሰማ ብለን ነው" አለ ሾፌሩ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት።

ጎፈሬ አልሳቀም። መመለጡ አይደለም ያስደነገጠው። ያንን አናት ከዚህ በፊት አይቶታል። የት እንዳየው ግን ሊመጣለት አልቻለም።

ቤቱ ከሱቁ በላይ ያለችው ክፍል ናት፤ መውጫዋም ከሱቁ ውስጥ የሚነሣው የእንጨት ደረጃ ብቻ ነው። የሱቁ ጣሪያ የእናቱ ወለል ነው፤ ጣውላ ስለሆነ እርምጃቸው ሁሉ ይሰማል። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ። እሱ እጁ መቀስ ይዞ ጆሮው ወደ ላይ ነው። እናቱ መርሳት ጀምረዋል። የበሉትን ይረሳሉ፣ ቀኑን ይረሳሉ፣ ጎረቤቱን ሁሉ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ይላሉ። እሱን ግን ረስተውት አያውቁም። ማታ በሩን ሲከፍት ጎንበስ ያደርጉትና ጣቶቻቸውን ጎፈሬው ውስጥ ሰደድ አድርገው "መጣህ ልጄ" ይላሉ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ በዚህች በአንዲት ቃል ነው የሚኖረው።

ከሾፌሩ ቀልድ በኋላ በነበረው ሳምንት እርምጃው መንገድ ቀየረ። ከአልጋ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄድና ይቆማል። ቆይቶ ይመለሳል።

አንድ ምሽት ወጥቶ በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ አጎነበሰ። ቀና ሲል እናቱ ጀርባቸውን ለቁም ሣጥኑ በር ሰጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

"ተኝቷል" አሉት በሹክሹክታ።

"ማን ነው የተኛው?"

"ልጁ ነዋ። ምንም አላጠፋም። ዛሬን እንኳ ይተዉት፣ በሞቴ።"

እናቱ በእርስዎ አነጋግረውት አያውቁም። "እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለና ተጠጋቸው። ፊቱን ብዙ ካዩት በኋላ ዓይናቸው ተመለሰ። "መጣህ ልጄ" ብለው ውኃ ጠየቁት።

ሲያሸልባቸው ቁም ሣጥኑን ከፈተው። ከተንጠለጠለው ልብስ ሥር ትንሽ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ላዩ ላይ የደረቀ ዳቦ ቁርስራሽ፣ የብዙ ቀን። አንደኛው ተገምጧል፣ የጥርሱ ምልክት ትንንሽ ነው። አይጥ ነው አለ ለራሱ፤ ነገሩን ለአይጥ ሰጥቶ ዘጋው።

አባቱ ከቤት የወጡት እሱ ነፍስ ሳያውቅ ነው። ራሰ በራ ነበሩ ይባላል፤ እጃቸውም ከባድ ነበር ይባላል። እናቱ ፎቶግራፋቸውን አቃጥለዋል። በኋላ ከሩቅ አገር ሞታቸው ተሰማ፤ እናቱ ግን "አፈር ሲለብስ አላየሁም" ብለው ለቅሶም አልተቀመጡ። ጎፈሬ "እኔ አላስታውሰውም" ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። አሁን ግን ገባው። እናቱ ባልየውን እያዩ ያሉት በእሱ አናት ላይ ነው። ፀጉሩ በሳሳ ቁጥር እሱ እየሄደ ሌላው እየመጣ ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጎፈሬም ያልሞከረው የለም። አንዱ ሽንኩርት ጨምቀህ ተቀባ አለው፤ ተቀባና አንድ ሳምንት ሙሉ ደንበኛ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ተስተካከለ። ሌላው የጉሎ ዘይት አለው። በመጨረሻ አፍሮ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ አናቱን በባትሪ እያየ "የአባትህ ራስ እንዴት ነበር?" አለው።

"እንደዚህ ነበር መሰለኝ።"

"እንግዲያው ከዘር ነው። የሚቀባ አለ፣ ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ፤ ካቆምክ የያዝከውም ይሄዳል። የሚዋጥም አለ፣ እሱን መርምሬህ፣ የሚያመጣውንም ጣጣ ነግሬህ ነው የማዝልህ። ካልሆነ ከማጅራትህ እየነቀሉ አናትህ ላይ መትከል ነው። ብቻ አስቀድሜ ልንገርህ፣ የሞተ ሥር የሚያስነሣ መድኃኒት የለም፤ እኛ የደከመውን ነው የምናቆየው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"የሚቀባው መንፈቅ ያህል። ተከላው እስኪሞላ ዓመት ይላል።"

"ዶክተር፣ እኔ ዓመት የለኝም።"

"ምነው፣ ሠርግ ደረሰ እንዴ?"

"እናቴ እየረሳችኝ ነው" አለ ጎፈሬ። ሐኪሙ ባትሪውን አጠፋ። ለዚያኛው የሚያዝለት አልነበረውም።

የሚቀባውን ገዛ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ "መጀመሪያ ጭራሽ ሊረግፍ ይችላል፣ እንዳትደነግጥና እንዳትተወው" ብላ አስጠንቅቃዋለች። ረገፈም። ማበጠሪያው በየጠዋቱ እፍኝ እፍኝ ያወጣለት ጀመር። ከላይ ደግሞ እርምጃው በጠራራ ፀሐይም ወደ ቁም ሣጥኑ መመላለስ ያዘ። ታገስ የተባለውን ትቶ፣ የፀጉር አስተካካይ ብቻ የሆነውን ስሕተት የሠራው ይሄኔ ነው።

ጢሙ ለሳሳ ጎረምሳ ሁሉ "ተላጨው ባክህ፣ በርትቶ ይወጣል" ሲል ነው የኖረው። የሰማውም ከጌታው፣ ከሙያው አስተማሪው ነው። ሐኪም ጠይቆ አያውቅም፤ ሲወጣም ቆሞ አላየም። ሰው የገዛ ወሬውን ሲሸጥ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ይገዛዋል። ሰኞ፣ ሱቁ በማይከፈትበት ቀን፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሙሉ ጎፈሬውን ቆረጠና ራሱን በምላጭ ላጨው። የሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ በጣለው፤ የራሱን ግን ሰብስቦ በላስቲክ ቋጠረው።

ቀና ብሎ የግድግዳውን መስታወት ሲያይ ሰውየው ሙሉ ለሙሉ መጥቷል። ጎፈሬ ሳያስበው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለው።

ኮፍያ ደፍቶ መውጣት ይችል ነበር። አልመጣለትም። በሩን ሲከፍት እናቱ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

"እንግዲህ መጡ" አሉ ቀስ ብለው። ከአልጋቸው ወርደው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ወለሉ ላይ ተንበረከኩና የጫማውን ክር መፍታት ጀመሩ።

"እማዬ፣ ተነሺ!" አለ። ድምፁ ጎርንኖ ወጣ፤ የራሱ አልመስል አለው። ሊያነሣቸው እጁን ሲዘረጋ እናቱ ራሳቸውን በሁለት ክንዳቸው ሸፈኑ። ጎፈሬ እጁን አየር ላይ እንዳለች አያት። ትልቅ እጅ ናት። ወደ ኪሱ ከተታትና ወርዶ ሱቁ ውስጥ አለቀሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፍያ ሳያደርግ አይወጣም፤ ግን ረፍዷል፣ እናቱ ኮፍያ ሥር ያለውን አውቀውታል። ከሱቁ ጎን የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቷ ዊግ ትሰፋለች። ላስቲኩን ይዞላት ሄደ። "በራስህ ፀጉር ዊግ? ይሄስ ከራስ መበደር ነው!" ብላ ሳቀችበት፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ትታ ተቀበለችው። መረብ ላይ እየቋጠረች አሳምራ ሰፋችለት። ሲያደርገው የድሮው ጎፈሬ ነው፤ መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ሰላም አለው። በማግስቱ እናቱን ደስ ሊያሰኝ ቤቱን አጸዳ። ቁም ሣጥኑንም ከፍቶ ዳቦውን ጣለ፣ ብርድ ልብሱን አጠበ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናብ ያካፋል፤ ክፍሉ ጨልሞ አምፖሉ በርቷል። "እማዬ፣ መጣሁ" ብሎ ጎንበስ አለላቸው። እናቱ ጣቶቻቸውን እንደ ድሮው ጎፈሬው ውስጥ ሰደዱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጎፈሬ "መጣህ ልጄ" እስኪሉት ትንፋሹን ያዘ።

ጣቶቹ መረቡን ነኩና ቆሙ።

"ይሄ የልጄ ፀጉር ነው" አሉ። ዓይናቸውን ገለጡ። "የልጄን ፀጉር ከየት አመጡት?"

"እማዬ…"

"ልጄን ምን አደረጉት?"

ገፍትረውት ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጡ፤ መሮጥ ከተዉ ዓመታቸው ነው። ከፈቱት። ባዶ ነው፤ ዳቦም የለ፣ ብርድ ልብስም የለ። አልጋው ላይ በፊታቸው ተደፍተው እሪታቸውን አቀለጡት። ለባላቸው ያላለቀሱትን ለልጃቸው አለቀሱት፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ።

ጎፈሬ ዊጉን አወለቀ። ያሰበበት ነገር አልነበረም፤ እግሩ ነው የወሰደው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባ፣ ጉልበቱን አጥፎ ከልብሱ ሥር ተቀመጠ፣ በሩንም ከውስጥ ሳበው። የእንጨቱ ሽታ አዲስ አልሆነበትም። የመቀመጫውን ቦታ ጀርባው ያውቀዋል።

"እማዬ" አለ ቀስ ብሎ። "እዚህ ነኝ።"

እሪታው ቆመ። እርምጃው መጣ።

"የት ነበርክ፣ ልጄ?"

"እዚሁ። ልብሱ ሥር ነበርኩ።"

በሩ ገርበብ አለና የእናቱ ጣቶች ጨለማው ውስጥ ገብተው ፈለጉት። ጎፈሬ የተላጨ ራሱን ወደ ኋላ አሽሽቶ ዊጉን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ዳበሱት። "መጣህ ልጄ" አሉ። ስንት ጊዜ ሲናፍቃት የነበረውን ቃል እጁ ላይ ባለ ፀጉር ተቀበላት።

ጣቶቹ ወጡና በሩ ተዘጋ። በስንጥቁ የአምፖሉ ብርሃን ይታየዋል። ያን አናት የት እንዳየው አሁን መጣለት። ከዚህ ሆኖ ነው ያየው፣ በዚህች ስንጥቅ፣ አባቱ ከአምፖሉ ሥር ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲያጎነብሱ።

"ዝም በል" አሉ እናቱ በድንገት። "መጣ።"

ሱቁ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ግን ደረጃው አንድ በአንድ ጮኸ። የክፍሉ በር ተከፈተ። "እንግዲህ መጡ" ሲሉ ሰማ እናቱን። "ተኝቷል። ምንም አላጠፋም።" የሚመልስላቸው ድምፅ የለም። የስንጥቁ ብርሃን ጠፋ፤ የሆነ ነገር በእሱና በአምፖሉ መሐል ቆሟል። ጎፈሬ በሰፊው እጁ አፉን አፈነ። ቆይቶ ብርሃኑ ተመለሰ፣ ደረጃው ወደ ታች ጮኸ።

እናቱ በሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ሄዷል፣ ልጄ። አሁን ውጣ፣ ልይህ።"

ጎፈሬ አንድ እጁን በሩ ላይ አደረገ። በሌላኛው ራሱን ዳበሰ፤ ለስልሷል፣ ቀዝቅዟል።

"ትንሽ ልቆይ፣ እማዬ" አለ።