የጠላቂው ሰዓትና አረፋው

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ምሥራቅ በኩል ባለችው ጠባብ ሱቄ ሰዓት እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የማይሠሩ ሰዓቶችን እየፈታሁ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ሰዓት ውሃ ያስገባ እንደሆነ የምሞክርበትን መንገድ ያገኘሁት ግን ከጎረቤቴ ከጎሚስታው ነው። እሱ ጎማ ነፍቶ ገንዳ ውስጥ ይነክራል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። የእኔም መሞከሪያ ከዚያ አይርቅም፦ ውሃ የያዘ ወፍራም ዕቃና አየር የሚያጭቅ ፓምፕ። ባየኝ ቁጥር፣ "እህቴ፣ ያንቺ ጎማ መቼም ላያድግ ነው?" ይለኛል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወርደው ገቡ። በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ያኔ ያስሩት የነበረውን ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ይሠራል፤ መስተዋቱ ግን ከውስጥ ጉም ለብሷል።

"አስሬው መዋኘት እፈልጋለሁ።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል። ለክብሩ በደረቁ ቢያስሩት አይሻልም?"

"እኔስ አላረጀሁም? እኔንም ለክብሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪኛ!"

ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከባሕሩ ከወጡ ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሐኪማቸው ለጉልበትዎ ይዋኙ ብሏቸዋል። "ያለዚህ ሰዓት ግን ፈራሁ" አሉኝ።

ስከፍተው ውሃ የሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች ደርቀው እንደ ብስኩት ተፈረፈሩ። የክዳኑንም የመስተዋቱንም ቀይሬ፣ ሲሊኮን ቅባት ቀብቼ፣ ሲመለሱ ፊታቸው ሞከርኩት። በጎኑ ካለችው፣ እያዞሩ ሰዓቱን ከሚሞሉባት ትንሽ መሙያ ቀጭን የአረፋ ክር ወጣ። መሙያዋ ተበልታለች።

"እሷ ካልተቀየረች መዋኘት የለም" አልኩ።

በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ጥርሶቿን የጨረሳቸው ይኸው ጣት ነው።

"እኛ ታች የወረደ ጓደኛችን ደህና መሆኑን የምናውቀው በአረፋው ነበር" አሉ። "አረፋ ሲጠፋ ነበር የምንደነግጠው። አንቺ ደግሞ እንዲጠፋ ትለፊያለሽ።" ጣታቸውን ከመሙያዋ አንስተው፣ "በይ ቀይሪያት። ደረቅ ላይ ቁጭ ብዬ እሷን ባሻሽ ምን ይጠቅመኛል?"

ልኳ የሆነች መሙያ ከሌላ አሮጌ ሰዓት አግኝቼ ገጠምኩ። ደግሜ ሞከርኩ። ምንም አልወጣም። እኔ ደስ ሲለኝ እሳቸው ውሃውን በጭንቀት ያዩ ነበር። አሮጌዋን መሙያ በመሐረብ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል መዋኛ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ፤ "ቆመሽ እይልኝ" ብለው። በመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ። ለረጅም ጊዜ ብረቱን አልለቀቁም። ድንገት ለቀቁና ጠለቁ።

የመጣሁት ለሰዓቱ ነበር። ዓይኔ ግን ውሃው ላይ አረፋ ይፈልግ ጀመር። የለም። ጫማዬን አወለቅኩ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ አንድ አረፋ ቡፍ አለ፣ ሌላ ተከተለ፣ በዛ፤ እሳቸውም እያሳሉ ብቅ አሉ፣ ክንዳቸውን ወደ እኔ ዘርግተው።

"ጉም አለው?"

"ከዚህ አይታየኝም አባባ፤ ይውጡና ልየው!"

"ቆይ" አሉ፤ "አንዴ ልድገም።"